የአሳየች የክርስትና ስም

እውነት ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ፣ ጅቡም ጭምር፣ እውነት ነው። ድሮ ቢሆን እጄን አንስቼ «አሳየች ትሙት!» ብዬ እምልላችሁ ነበር፤ እናንተም ታምኑኝ ነበር። ሰው በሚስቱ ምሎ ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል? አሁን ግን አሳየች ሞታለች። በምን ልማል? በመዶሻዬ? በቃ፣ ዝም ብላችሁ እመኑኝ።

ስሜ ገላና ነው። ወሰን ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጬ አቃናለሁ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ለሰው ግን ርዕሰ መምህሩ «አንተን የሚችል አስተማሪ አጣን» ብለው እያለቀሱ እንደሸኙኝ ነው የማወራው። ወሬ እወዳለሁ። ሐሜት ማለቴ አይደለም፤ ፈጠራ። የሰፈራችን ጉድጓድ አንድ አይሱዙ ከነጫነው ድንች ውጦ፣ ክረምት ሲገባ ድንቹ ቀበና ወንዝ ላይ ተልጦ ተንሳፈፈ ብዬ ያሳመንኩት የተማረ ሰው አለ።

የማታምነኝ አሳየች ብቻ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳን ሳትል፣ ወሬዬ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲያያዘው፣ «ገላና፣ ፍሬን!» ትለኛለች። ለዚህ ነው «ፍሬኔ» እያልኩ የምጠራት። እኔ ደግሞ ፍሬን በያዘችብኝ ቁጥር እዚያው ፊቷ ቆሜ፣ «አሳየች ትሙት፣ እውነቴን ነው!» እላለሁ። እሷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «እንግዲህ ዛሬም ሞትኩ» ትላለች። ጎረቤት ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ከዚያ ታመመች፤ ኩላሊቷ ነው አሉ። ሆስፒታል አስገባኋት፤ ከሆስፒታል ሳጥን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ከለቅሶ በኋላ ጋራዥ የተመለስኩ ቀን አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ የተጨፈለቀ ፓራፋንጎ ነገ ይደርሳል?» አለኝ። ሰውየው ምንም አያውቅም። እኔም በልማዴ፣ «አሳየች ት—» ብዬ ጀመርኩ። ከጎናችን መለዋወጫ የሚሸጠው ሀሚድ ሰምቷል። ሀሚድ ማለት ለሁሉም ነገር መልስ ያለው፣ እኔን በተረብ የሚያሸንፍ ብቸኛው ሰው ነው። ያን ቀን ግን የያዘውን ካርቶን መሬት ላይ አስቀመጠና ክንዴን ይዞ ሱቁ አስገባኝ፣ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ፣ በሩን ገርበብ አደረገው። ደንበኛው ውጭ ቆሞ ቀረ።

አሳየች ካቶሊክ ነበረች፤ የከምባታ ልጅ። እሑድ እሑድ ቀበና ያለው ቤተ ክርስቲያኗ በር ድረስ አደርሳትና፣ እኔ ውጭ ከላዳ ሹፌሮች ጋር ወሬዬን እጠርቃለሁ። ስለ ካቶሊክ ቄሶች ያወራሁትን ብነግራችሁ ታፍራላችሁ። ሚስት የማያገቡት ራታቸው በየማታው ከሮም በአውሮፕላን ስለሚመጣላቸው ነው፤ ማን ያበስልልኝ የሚል ሐሳብ ስለሌላቸው ነው እል ነበር። ሹፌሮቹ፣ «ከነሳህኑ?» ይላሉ። «ከነሹካው!» እላለሁ።

አርባዋ ሲቃረብ ጨነቀኝ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ በለቅሶው ሳምንት አንድ ቀን እንኳን ምግብ አላጣሁም። ግን፣ «ገላና፣ ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ በሕይወት ላለኸው ለአንተ እንጸልይልህ» አሉኝ። እሺ፣ ጸልዩልኝ አልኩ። አሳየች ግን ለእናቷ በየዓመቱ ቅዳሴ ታስቀድስ እንደነበር አውቃለሁ። እሷ ለእናቷ ያደረገችውን ለእሷ የሚያደርግላት ከእኔ ሌላ ማንም የለም። ልጅ አልወለድንም።

በዚህ ሁኔታ በዚያ በቤተ ክርስቲያኗ በር በራሴ እግር ገባሁ። የቀብሯ ቀን ሰው ደግፎ አስገብቶኛል፤ ምንም አላየሁም።

የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ ቆሞሱ፣ አባ ሕሩይ ይባላሉ። ገና ወጣት ናቸው፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ የእጅ መስቀል ይዘዋል። እኔ የካቶሊክ ቄስ ሁሉ ፀጉሩን ተላጭቶ ፒያኖ የሚመታ ይመስለኝ ስለነበር፣ በር ተሳስቼ ይሆን ብዬ ወደ ኋላዬ ሁሉ አይቻለሁ። አርባዋን ላስቀድስ ነው አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ገላና። ከእሑድ ጀምረን እንጸልይላታለን፤ በአርባዋም እንቀድሳለን። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

አላውቀውም። አብሬያት ተኝቼ፣ አብሬያት በልቼ፣ ስሟን በየመንገዱ ምዬበት፣ የክርስትና ስሟን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አሳየች ብለው ይጥሯት እንዳልል ደግሞ ያ ስም ታየኝ። ያንን ስም እኔ ለድንች ወሬ ምዬበታለሁ። ነገ ይደርሳል ብዬ ለማይደርስ ፓራፋንጎ ምዬበታለሁ። ያን ስም ይዛ እግዚአብሔር ፊት እንዴት ትቆማለች?

«ሉቺያ» አልኩ።

ከየት አመጣኸው አትበሉኝ። አንድ ጊዜ ፊያቷን ያቃናሁላት የጣሊያን ሴትዮ ስም ነው።

እሑድ ቀን ከኋላ ቆምኩ። አባ ሕሩይ ለታመሙት ጸለዩ፣ ለመንገደኞች ጸለዩ፣ ከዚያ ስላረፉት ሲጸልዩ፣ «ስለ እኅታችን ስለ ሉቺያ» አሉ። ማንም ቀና አላለም። ከአሳየች ጋር ጎን ለጎን ትሰፋ የነበረችው ሄለን ከፊቴ ነበረች፤ ለቅሶው ላይ ሰው ይዟት ነው እንጂ የመቃብሩ ጉድጓድ ውስጥ ልትገባ ነበር። አሁን ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። እናም ታየኝ፦ አንዲት የማላውቃት ፈረንጅ ጸሎቱን ተቀብላ በሰማይ በር ስትገባ፣ አሳየች ሰልፉ ላይ ከኋላ ቆማለች። እኔን እንኳን አትናገረኝም።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባን ጠበቅኳቸው። አንዷ ልጇ ታስሮባታል፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ አንዱ ቤት ኪራይ ጨምረውበታል፤ ሁሉም ተራ ይዞ ይናገራል፣ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። ተራዬ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ክፍላቸው አስገቡኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በክዳን የተሸፈነ ሳህን። ከሮም የመጣው ራት ይሄ ነው ማለት ነው ብዬ አየሁት፤ ቀዝቅዞ የደረቀ ፍርፍር ነበር። ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሉቺያንም፣ መሐላውንም።

«አባ፣ ስንት ጊዜ ትሙት አልኩ መሰለዎት? እኔ ነኝ የገደልኳት?»

አልሳቁም። «ጋሽ ገላና፣ እግዚአብሔር የእርስዎን ቀልድ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል። እሷን የወሰዳት ኩላሊቷ ነው።»

«እሺ። በዚያ ስም ግን አይጥሩብኝ። አቆሽሼዋለሁ። ንጹሑን ስሟን ነው የምፈልገው፤ እኔ ያልነካሁትን።»

ሳህኑን ትንሽ አዩት። «እንፈልገዋለን» አሉ። «ይፈልጉ» አላሉም፤ «እንፈልገዋለን»። ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

እዚያው ስልክ ይዘው ተቀመጡ። ከምባታ ያለው ወንድሟ፣ «አባ፣ እኛ ጌታን ከተቀበልን ቆየን፤ እሷ ስትጠመቅ ደግሞ እኔ አልተወለድኩም» አለ። የገጠሩ ቄስ የዚያን ጊዜው መዝገብ ጣሪያው አፍስሶ ከበሰበሰ ዓመታት እንደሆኑት ነገሩን። አሳየች ግን ከአገሯ እንደመጣች ጉርድ ሾላ አካባቢ ዘመድ ቤት ነበረች። አባ ሕሩይ፣ «እዚያ ያሉት አባ ወርቅአየሁ የአገሯ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ይጀምሩ» አሉኝ። ስወጣ ልማዴ አልለቅ ብሎኝ፣ «አባ፣ እርስዎን ማታ ማን ይጠብቅዎታል?» አልኳቸው።

«ይሄ» ብለው ስልኩን አሳዩኝና ሳቁ። በሩን ሲዘጉት የባዶ ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኔም በር አሁን እንደዚያ ነው የሚጮኸው። እኔን ግን ሞት ነው ያስገባኝ። እሳቸው ፈልገው ነው የገቡት፤ እንደኔ ዓይነቱ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ እንዲገኙ።

ጉርድ ሾላ ያለው ግቢ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የውኃ ታንከር ሥር ተንበርክኮ ቧንቧ የሚታገል ሰው አየሁ። ዘበኛው መሰለኝ።

«አንተ፣ አባ አሉ?»

«አሉ» አለኝ ቀና ሳይል፤ «ግን እርጥብ ናቸው።»

አባ ወርቅአየሁ እሳቸው ነበሩ። በሕይወቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፌን ያስዘጋኝ ከአሳየች ሌላ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብዬ ቧንቧውን አጠበቅኩላቸው፤ ስሠራ ስሠራ ነገሬን አወራሁ። አሳየችን ያውቋታል! እዚያ መዘምራን ውስጥ ነበረች።

«ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ከሁሉም ቀድማ ትጀምርና ደንግጣ ትተወዋለች» አሉ። ይሄን እኔ አላውቅም ነበር። ሚስቴ ትዘምር እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር። «ስሟን ግን ሁላችንም አሳየች ነው የምንላት። የመንደሯን ልጆች ያጠመቁት አባ ፀሐዬ ናቸው፤ በዚያ አገር በእግራቸው ያልረገጡት መንደር የለም። አሁን አርጅተው እንጦጦ ሥር ባለው ማረፊያ ነው ያሉት። ነገ ጥፍራቸውን ልቆርጥላቸው እሄዳለሁ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

በማግስቱ ጠዋት በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወጣን። የአባ መኪና አሮጌ ቶዮታ ናት። ገና ከመገናኛ ሳናልፍ፣ እግራቸው ፔዳሉን ይዞ እስከ ወለሉ ሲወርድ አየሁ።

«አባ! ይሄ መኪና ፍሬን የለውም!»

«አለው እንጂ። ሁለት ጊዜ ስትረግጠው ያስታውሳል።»

«ማን ነው የሚሠራልዎት?»

«መላእክት» አሉኝ። «አንዳንዴ ይዘገያሉ።»

ባሕር ዛፉ መሃል ስንገባ፣ እንግዲህ ጅቡ እዚህ ጋ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው ሥራ ገብቷል፣ እሱ መንገዱ መሃል ቁጭ ብሏል። እንደ ትራፊክ። አባ አንዴ ረገጡ፣ ምንም። ሁለተኛ ረገጡ፤ መኪናዋ አስታወሰች፣ አፍንጫው ሥር ቆመች። አልተነሣም። ጡሩምባ ይነፋሉ ስል አንገታቸውን በመስኮት አወጡና፣ «ጌታዬ፣ ሽማግሌ እየጠበቁን ነው» አሉት። ጅቡ ተነሣ። አንድ ጊዜ አየንና፣ ቅር እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጫካው ገባ።

እኔ ወዲያው ምን አሰብኩ? ይሄን ማታ ለአሳየች ስነግራት! እንዴት «ፍሬን» እንደምትለኝ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን እንደምምል፣ እንዴት እንደማታምነኝ። አፌ እስኪከፈት ስቄ ነበር። ከዚያ መሞቷ ትዝ አለኝ። ሰው ይሄን እንዴት ይረሳል? እረሳዋለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ እረሳዋለሁ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባ «አይዞህ» አላሉኝም፣ ጥቅስም አልጠቀሱልኝም። ማርሹን ቀነሱና እንደ ቀብር አጃቢ እየተንፏቀቁ ነዱ። ከኋላችን ጡሩምባ ሲነፋ እጃቸውን አውጥተው «እለፍ» ይላሉ። ልቅሶዬን ሳልጨርስ እንዳንደርስ ነበር።

አባ ፀሐዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው ብቻ ትልቅ ሆኖ ቀርቷል። አባ ወርቅአየሁ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አመጡና ተንበርክከው የሽማግሌውን እግር ነከሩት። የተሰነጣጠቀ፣ ጣቶቹ የተደራረቡ እግር ነው። ያ ሁሉ መንደር እዚያ እግር ላይ ይታያል።

«አንተ ማነህ?» አሉ አባ ፀሐዬ።

«ወርቅአየሁ ነኝ፣ አባ።»

«ጎሽ!»

አንድ ጥፍር ተቆረጠ። «አንተ ማነህ?» «ወርቅአየሁ ነኝ፣ አባ።» ሌላ ጥፍር። «አንተ ማነህ?» አባ ወርቅአየሁ አንድም ጊዜ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጊዜ እንደተጠየቀ ሰው ነው የሚመልሱት። እኔ መዶሻዬን ሁለት ጊዜ ሲጠይቁኝ የምሳደብ ሰው ነኝ። ይሄንን ሥራ ማንም አያይላቸውም። ላዳ ሹፌሮች ፊት ያወራሁት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ከዚያ እኔ ጠጋ ብዬ ተንበረከክኩ። «አባ፣ አሳየች የምትባል ልጅ አጥምቀው ነበር። የከምባታ ልጅ። ባሏ ነኝ። የክርስትና ስሟን ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸው ውኃው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። «ሕፃኗ» አሉ፣ «ውኃው ሲነካት ሌሎቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። እሷ ሳቀች።» እኔ የሳፋውን ጠርዝ ያዝኩ። «አግነስ አልኳት።»

አግነስ። ንጹሕ ስም። ምንም ያልተማለበት።

አርባዋ ደረሰ። ሀሚድ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ጎረቤቶቼ ጴንጤዎቹም መጡ፣ «ለአንተ ብለን ነው» እያሉ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። አባ ወርቅአየሁ መሠዊያው ጎን ነበሩ፤ ፍሬናቸውን ሠርቼላቸዋለሁ፣ አሁን በአንዴ ይይዛል። አባ ሕሩይ ስላረፉት መጸለይ ጀመሩ። ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ አዩና ስሟን ጠሩ። ሄለን ጮኸች። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰላት። ሚስቴን ከሰማዩ ሰልፍ መጨረሻ ወጥታ ስትሄድ አየኋት፤ የተቆረጠ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

አሁን እሑድ እሑድ ከላዳዎቹ ጋር አልቆምም። እገባለሁ። አንዳንዴም ሳፋውን ለመያዝ ከአባ ወርቅአየሁ ጋር ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። አባ ፀሐዬ «አንተ ማነህ?» ይሉኛል፤ «ገላና ነኝ፣ አባ» እላለሁ። ሳልዋሽ የምመልሰው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ይሄን ወሬ ስጨርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ከስፌት መኪናው በኩል የሆነ ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ማንም ምንም አይልም። ስለዚህ ፍሬኑን ራሴ ልርገጠው።

ጅቡ እውነት ነው። ፍሬኑም፣ ጥፍሩም፣ ፍርፍሩም። ሕፃኗ ሳቀች ያሉትም እውነት ነው፤ የማንን ሕፃን እንዳስታወሱ ግን እንጃ። አግነስ የምትለዋን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሽማግሌው ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ያሉኝ፣ «አንተ ማነህ?» ብቻ ነው። አግነስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ምላሴ ላይ የመጣች ስም ናት። አባ ሕሩይ ጋ ስደርስ «ተገኘ?» አሉኝ፤ አግነስን አውጥቼ ልሰጣቸው ነበር። ያቺ የቀዘቀዘች ሳህን እዚያው አለች። አቃተኝ።

«አልተገኘም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ያለውን ይስጡኝ» አሉ። «ቢቆሽሽም።»

በአርባዋ ቀን የጠሩት እሱን ነው። አሳየች ነው ያሉት፤ ቀስ ብለው፣ እኔ አንድም ጊዜ ብዬው በማላውቀው አባባል። የክርስትና ስሟን እስከ ዛሬ አላውቀውም።